የልጅ ልደትና የእናትነት ደስታ በባሕር ዳር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ የሚኖሩ እናቶች የልጆቻቸው ልደት ሲቃረብ አዘውትረው የሚያነሷቸው ናቸው። ስለ ፊኛ ቀለምና ስለ ጌጥ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ጭንቀት የሚመጣው ከቀን አቆጣጠር፣ ከጾም፣ ከጎረቤትና ከምግብ ነው። ስለዚህ መልሱም የሚረዝመው በእነዚሁ ላይ ነው።

ልደት ማክበር የእኛ ባህል ነው ወይስ ከውጭ የመጣ?

ሻማ ተክሎ፣ እፍ ብሎ አጥፍቶ፣ ኬክ ቆርሶ ማክበሩ ከውጭ የመጣ መሆኑን መካድ አይቻልም። የተወለዱበትን ዘመን በአንድ ትልቅ ድርቅ ወይም በአንድ ሹም ዘመን እያስታወሱ የሚናገሩ፣ ቀኑን ግን የማያውቁ አረጋውያን ዛሬም በየመንደሩ አሉ። መወለድን ማክበር ግን ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የወለደች ሴት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትባላለች፤ ገንፎ ይገነፋል፤ እልልታው ይቀልጣል። ክርስቲያኑ ቤተሰብ ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ክርስትና ያስነሣል፤ ሙስሊሙ ቤተሰብ በሰባተኛው ቀን ዐቂቃ ያወጣል። ቤተ ክርስቲያንም የጌታን ልደት ታኅሣሥ 29፣ የእመቤታችንን ልደት ደግሞ ግንቦት 1 ቀን ታከብራለች፤ በግንቦት ልደታ ጎረቤት ደጅ ላይ ተሰብስቦ ንፍሮ የሚቀምሰው የአንዲትን ሕፃን መወለድ አስቦ መሆኑን ልብ ይሏል።

የቀድሞው ወግና የዛሬው ድግስ በግልጽ የሚለያዩት ክብሩ ለማን እንደሚሰጥ ሲታይ ነው። በአራስ ቤት የምትጠየቀውና የምትታረሰው እናቲቱ ናት፤ የመጀመሪያውን የገንፎ ጉርሻ የምታገኘውም እርሷ ናት። በዛሬው የልደት ድግስ ግን እናቲቱ ከማድ ቤት ወደ ሳሎን ስትመላለስ ትውላለች፤ በስልኳ የምታነሣውም እርሷ ስለሆነች ከፎቶዎቹ ውስጥ አትገኝም። ከዚህ ቀጥሎ ያሉት መልሶች ይህን ወደማስተካከል ያዘነበሉ መሆናቸውን አንባቢ አስቀድሞ ቢያውቀው መልካም ነው።

ልደቱን በኢትዮጵያ ወይስ በፈረንጆች አቆጣጠር ላክብር? አንዳንድ ዓመት ለምን በአንድ ቀን ይለያያል?

በየትኛውም ማክበር ይቻላል፤ የሚያስቸግረው አንዱን ዓመት በዚህ፣ ሌላውን ዓመት በዚያ እያደረጉ መቀላቀል ነው። ለምሳሌ አንድ ልጅ ጥቅምት 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ተወለደ እንበል። ያ ዕለት በፈረንጆች አቆጣጠር ኦክቶበር 21 ቀን 2019 ነበር፤ በዓመቱ ጥቅምት 10 ቀን 2013 የዋለው ግን ኦክቶበር 20 ነው። ምክንያቱ 2011 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ በመሆኑ ጳጉሜን ስድስት ቀን ሆና ዘመን መለወጫው በሴፕቴምበር 12 በመዋሉ ነው፤ በዚህ ሳቢያ የሚፈጠረው የአንድ ቀን መዛነፍ ፈረንጆቹ የራሳቸውን ፌብሩዋሪ 29 እስኪጨምሩ ድረስ ይቆያል። ገና በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ቀን የሚከበረውም በዚሁ ስሌት ነው። ስለዚህ አሜሪካ ያለችው አክስት አንድ ቀን ዘግይታ ወይም ቀድማ «እንኳን ተወለድክ» ብላ ብትደውል አትወቀስም። የክትባት ካርዱም ሆነ የልደት ምስክር ወረቀቱ የሚጻፍበት የራሳችን አቆጣጠር ስለሆነ፣ የቤቱ በዓል በእርሱ ቢጸና ልጁ አድጎ ራሱ ሲጠየቅ አይደናገርም።

ልጄ የተወለደችው ጳጉሜን 6 ነው። ልደቷ በአራት ዓመት አንዴ ሊሆን ነው?

ጳጉሜን 6 የምትውለው በየአራት ዓመቱ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነው፤ በ2015 ነበረች፣ ቀጥሎ የምትመጣው በ2019 ነው። በሌሎቹ ዓመታት ጳጉሜን 5ን መምረጥ ይሻላል፤ መስከረም 1 ቀን ከተደረገ እንቁጣጣሹ ልደቷን ይውጠዋል፣ አበባየሆሽ የሚሉት ጓደኞቿም በየቤቱ ተበትነው ይውላሉ። ጳጉሜን የልጆች ወር መሆኗም አይዘነጋ፤ ጳጉሜን 3 በሩፋኤል ዝናብ ሲጠመቁ ከዋሉ በኋላ የሚመጣ ልደት ራሱን የቻለ ዕድል ነው።

የተወለደበት ቀን በትክክል አይታወቅም። ምን ይደረግ?

ይህ ጥያቄ ከገጠር ዘመድ ልጅ ወስደው በሚያሳድጉና በማደጎ በተረከቡ እናቶች ዘንድ ይበዛል። በመጀመሪያ የክትባት ካርድ መፈለግ ነው። ካርዱ ከሌለና ልጁ ክርስትና የተነሣበት በዓል የሚታወስ ከሆነ ግን ወደኋላ መቁጠር ይቻላል፦ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን። ለምሳሌ «ክርስትናዋ የጥምቀት ሰሞን፣ ጥር 20 ነበር» የምትባል ልጅ የተወለደችው በጥቅምት ማብቂያ ወይም በኅዳር መባቻ ነው ማለት ነው። በእርግጥ አባት ከሩቅ እስኪመጣ፣ ወይም ድግሱ እስኪደርስ እየተባለ ክርስትናው የሚዘገይበት ጊዜ ስላለ፣ ስሌቱ ግምት ብቻ መሆኑ ሊታወቅ ይገባል። ይህም ካልተገኘ እናቲቱ ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀፈችበትን ቀን ልደቱ ብታደርገው የሚከለክላት የለም፤ ከሰነድ ጋር የሚያያዘውን ጉዳይ ግን በምዝገባ ጽሕፈት ቤት በኩል ለብቻው ማስፈጸም ይኖርባታል።

ልደቱ ጾም ላይ ከዋለ እንዴት ይሆናል?

ሕፃናት እስከ ሰባት ዓመታቸው ባይጾሙም የሚጠሩት ታላላቆች ይጾማሉ፤ አያቲቱ ሳትቀምስለት የሚቆረስ ኬክ ደግሞ ለልጁም ቢሆን ጎዶሎ ነው። ቀኑ ተራ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ወደ ቅዳሜ ወይም እሑድ ማሸጋገር ቀላል ነው፤ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናትም ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾሙ ችግር የለም። ኅዳር 15 በሚገባው በጾመ ነቢያት፣ 55 ቀን በሚቆየው በዐቢይ ጾም ወይም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ባለው በፍልሰታ ላይ ከዋለ ግን ቅዳሜም እሑድም ከሥጋና ከወተት ስለማያስፈታ ቀኑን ማሸጋገሩ ፋይዳ የለውም።

ያን ጊዜ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ኬክ ቤት የጾም ኬክ ማዘዝ ወይም በቤት ውስጥ በዘይት፣ በተፈጨ ሙዝ፣ በሶዳና በጥቂት ሎሚ መጋገር ነው። ሁለተኛውና በእኔ አስተያየት የሚበልጠው ድፎ ዳቦ ነው። ድፎ ከመጀመሪያውም የጾም ነው፤ በኮባ ተጠቅልሎ ሲበስል ሽታው ቤቱን ሙሉ በዓል በዓል ያሰኘዋል፤ ሻማውም ከክሬም ይልቅ በእርሱ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ታላቁ ሰው ባርኮ ሲቆርሰው ደግሞ «እደግ፣ ተመንደግ» የሚለው ምርቃት ያለ ማንም ጎትጓችነት ይከተላል፤ ኬክ ላይ የሚመርቅ ሽማግሌ ግን እስካሁን ብዙም አልታየም።

ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤቶች አሉኝ። ሁሉም አብሮ የሚበላው ምን ላቅርብ?

ዕርዱ የተለያየ ስለሆነ በሥጋ የሚደረግ ግብዣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ቢላዋና ሁለት ማዕድ ይጠይቃል። ይህንን አክብረው የሚያሰናዱ ቤቶች ቢኖሩም ለአንድ የልጅ ልደት ድካሙ ይበዛል። የጣና ዳር ሰው እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው፤ ዓሣ ዕርድ ስለማያሻው ሁለቱም ወገን ከአንድ ትሪ ይበላዋል። ለልጆች አጥንቱ የወጣለት ቀረሶ ጥሩ ነው፤ ይሁን እንጂ «አጥንት የለውም» ተብሎ የተገዛውንም ቢሆን ከመጥበስ በፊት በጣት እየዳሰሱ ማጣራት ያስፈልጋል፤ ቀጭኗ አጥንት ለዓይን ባትታይም ለጣት ትሰማለች። ጾም ላይ ከሆነ ዓሣውን የሚበሉም የማይበሉም ምእመናን ስላሉ ሽሮና አትክልት አጠገቡ ይቀመጥ። ከዚህ ሌላ ልደት ማክበርን በሃይማኖት ምክንያት የማይቀበሉ ቤተሰቦች ሊኖሩ ይችላሉ፤ እነርሱን «ለቡና ኑ» ብሎ በሌላ ቀን መጥራት ጉርብትናውንም እምነታቸውንም ማክበር ነው።

ቤት የጋገርኩት ኬክ መሀሉ ለምን ይሰምጣል?

ምድጃውም እጅም ላይበድል ይችላል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ውኃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ሊጡም ውስጥ ያለው አየር ፈጥኖ ይነፋል። ከቆላ ወይም ከባሕር ጠለል አገር የተቀዳ የአሠራር መመሪያ እንዳለ ከተከተሉ፣ ኬኩ ሳይበስል አብጦ ከዚያ ይወድቃል። የቤኪንግ ፓውደሩን ሩብ ያህል መቀነስ፣ ወተቱን ወይም ውኃውን በአንድ ሁለት ማንኪያ መጨመርና የምድጃውን ሙቀት ትንሽ ከፍ ማድረግ ብዙውን ጊዜ ችግሩን ያቃልለዋል። መብራት የመጥፋቱ ነገር ስለማይታመን ግን ጋገራው ለድግሱ ሰዓት ሳይሆን ለዋዜማው ቢያዝ እናትም በሰላም ታድራለች።

ከኬክ ቤት ለሚገዙም አንድ ነገር፦ ኬክ በባጃጅ ሲሄድ ጉልበት ላይ አይታቀፍ። ጉልበት ያዘነብላል፤ ባጃጁ የኮብልስቶኑን መንገድ ሲይዝ ካርቶኑ ይንሸራተትና የልጁ ስም ከክዳኑ ጋር ተጣብቆ ይመጣል። እግር ሥር ወለሉ ላይ ጠፍጣፋ አድርጎ በሁለት ጫማ መካከል መያዝ ይሻላል። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀት ደግሞ ክሬም የበዛበትን ኬክ ከሰዓት በኋላ ይዞ መዞር ኪሳራ ነው።

አንድ ዓመት የሞላው ልጅ በልደቱ ቀን ምን መብላት የለበትም?

እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት የሚገባው ከኬኩ ይልቅ ቡናው አጠገብ ባለው ሳህን ነው። ፈንዲሻ፣ ቆሎና ለውዝ ከአራት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ትንታ አምጥተው የአየር ቧንቧን ሊዘጉ ይችላሉ። ቡና ሲፈላ ፈንዲሻ መበተን ወግ ነው፤ ግን መዳህ የጀመረ ሕፃን ከቄጠማው ውስጥ እየለቀመ አፉ እንደሚከት ማንም እናት ታውቃለች። ስለዚህ ፈንዲሻው በሞሰብ ወይም ከፍ ባለ ጠረጴዛ ላይ ይሁን። የፈነዳ ፊኛ ቁራጭም እንዲሁ አደገኛ ስለሆነ ወዲያው ይለቀም።

ማር ዓመት ላልሞላው ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም፤ በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል ጀርም ያልጠናውን አንጀት ውስጥ ገብቶ ቦቱሊዝም የተባለውን ከባድ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። የልደቱ ባለቤት ዓመት ሞልቶት ቢሆን እንኳ ከእንግዶቹ መካከል የሰባትና የስምንት ወር ሕፃን ሊኖር ስለሚችል «ትንሽ ላልሰው» የሚለውን የዘመድ ጣት በትሕትና ማገድ ይገባል። የመጀመሪያው ልደት በዘጠነኛው ወር በሚሰጠው በመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባትና በ15ኛው ወር በሚሰጠው በሁለተኛው መካከል የሚውል መሆኑም ይታወስ፤ በድግሱ ግርግር ቀጠሮው እንዳይረሳ ካርዱን የማየት ጥሩ አጋጣሚ ነው።

ሐይቁ ዳር ማክበር ይሻላል ወይስ ቤት?

ልጁ ከሦስት ዓመት በታች ከሆነ ቤት። ከፍ ላለው ግን የጣናን ዳር የሚያህል ግቢ የለም፤ ደንገሉን፣ ታንኳ ቀዛፊውንና ሻላውን እያየ የሚውል ልጅ ዲኮር አይጠይቅም። ሦስት ነገር ግን አስቀድሞ መታሰብ አለበት። የመጀመሪያው ውኃው ነው፦ በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ ስላለ ልጆች ጥልቀት የሌለው ቦታም ቢሆን ገብተው እንዲንቦጫረቁ መፍቀድ ልክ አይደለም። ሁለተኛው ሰዓቱ ነው፤ አካባቢው ወባማ ስለሆነ ፀሐይ ሳትጠልቅ መመለስ፣ ካልሆነም እጅና እግር የሚሸፍን ልብስ ማልበስ ያስፈልጋል። ሦስተኛው ቆሻሻው ነው። እምቦጭ ያስቸገረው ሳያንስ በፕላስቲክ እንድናስቸግረው ሐይቁ አልበደለንም፤ ፊኛና የኬክ ካርቶን ተሰብስቦ ይመለስ።

በጀልባ ለሚሄዱ፣ ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ማዕበል ስለሚያነሣ ጠዋት መነሣት፣ ለልጅ በልኩ የሆነ የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩንም ሳያዩ አለመሳፈር ነው። ወደ ገዳም ለመሳለም ከታሰበም እናቶች ልብ ይበሉ፦ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አያስገቡም፤ በልጇ ልደት ቀን እናት ጀልባ ላይ ተቀምጣ የምትጠብቅበት ጉዞ ደግሞ ከመነሻው የተሳሳተ ነው። እንጦስ ኢየሱስ፣ በዘጌ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረትና በዓባይ መውጫ አጠገብ ያለችው ደብረ ማርያም ለቤተሰብ ሁሉ ክፍት ናቸው።

ስንት ብር ማውጣት ተገቢ ነው?

ዋጋ ከወር ወር ስለሚለዋወጥ ቁጥር መጻፍ ትርፉ ማሳሳት ነው። ብድር የሚያስጠይቅ ከሆነ ግን በዝቷል። የሚጠሩትም ልጆች የልደቱ ባለቤት በስማቸው ሊጠራቸው ከሚችለው ባይበልጡ ለኪስም ለልጁም ይሻላል።

ልደቱ ሲቃረብ ከደስታ ይልቅ ድካም ይሰማኛል። እናትነቴን አልወደድኩትም ማለት ነው?

አይደለም። የመጀመሪያው ልደት የሚመጣው ከአንድ ዓመት የእንቅልፍ እጦት በኋላ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተፈቀደው 30 ቀን የቅድመ ወሊድና 90 ቀን የድኅረ ወሊድ ፈቃድ ካለቀ በኋላ፣ ብዙዋ እናት ልጇን ለአያት ወይም ለሞግዚት ትታ፣ ጡቷ እየጋተ ቢሮ ስትውል ቆይታለች። ቀኑ ሲደርስ ምጡም፣ የአራስ ቤቱም ሌሊት አብሮ ትዝ ይላታል፤ ደስታውና እንባው ተደባልቀው ቢመጡ አይደንቅም። ሐዘኑ ወይም ተስፋ መቁረጡ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ፣ ልጁን ማየት እስከማስጠላት ከደረሰ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ይህ የድኅረ ወሊድ ድባቴ ሊሆን ስለሚችልና የሚታከም ስለሆነ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

ለቀረው ድካም መድኃኒቱ ሥራውን ማከፋፈል ነው። አባት እንግዳ ይቀበል፤ እኅት ቡናውን ትያዝ፤ ስልኩ ከእናቲቱ እጅ ይወሰድና ሌላ ሰው ፎቶ ያንሣ። በእኛ ቤት የልደቱ ጠዋት የሚጀመረው በገንፎ ነው። መሀሉ ይጎደጎድና ቅቤና በርበሬው ይፈስስበታል፤ የመጀመሪያውን ጉርሻ የልደቱ ባለቤት ለእናቱ ያጎርሳል። ትንሽ እጅ የቆረሰው ገንፎ ግማሹ አገጭ ላይ፣ ግማሹ ነጠላ ላይ ይቀራል፤ ቅቤው እስከ ክርን ይወርዳል። ልጅ «ያን ቀን ምን ሆነ?» ብሎ የሚጠይቀውም ያኔ ነው፦ ዝናብ ነበር ወይ፣ ማን ሆስፒታል አደረሰሽ፣ ስሜን ማን አወጣው። ኬኩ ከሰዓት በኋላ ሲመጣ እናቲቱ ድርሻዋን አስቀድማ አግኝታለች።

የልደት ምስክር ወረቀት እስካሁን አላወጣሁም። ዘግይቻለሁ?

በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ጊዜው ካለፈም ግን ምዝገባው አይቀርም፣ የዘገየ ተብሎ ይከናወናል። በጤና ተቋሙ የተሰጠውን የልደት ማስረጃና የወላጆችን መታወቂያ ይዞ ወደሚኖሩበት ቀበሌ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ መሄድ ነው። ትምህርት ቤት ምዝገባ እስኪደርስ መጠበቅ በመስከረም ሰልፍ ላይ መቆምን ያስከትላል።

ቀኑ ሲደርስ ጎረቤት ለቅሶ ቢገባስ?

ድንኳን ተጥሎ እያለ ሙዚቃ መክፈት በማንም ሰፈር ነውር ነው። የቅርብ ጎረቤት ከሆነ ድግሱ ቢያንስ ከሣልስቱ በኋላ ይተላለፍ፤ እናትም እንጀራዋን ይዛ ለቅሶ ትድረስ። ልጁ ግን «ልደትህ ቀርቷል» ሊባል አይገባም። በዕለቱ በር ዘግቶ አንዲት ሻማ ማብራት፣ መሳምና መመረቅ ይቻላል፤ ጓደኞቹ የሚጠሩበትን ቀን ደግሞ ራሱ በቀን መቁጠሪያው ላይ ቢያከብበት መጠበቁም ይቀለዋል። የታዘዘ ኬክ ካለ ኬክ ቤቱ ዱቄቱን ሳያቦካ ደውሎ ማሳወቅ ይበጃል፤ ከተጋገረ በኋላ ከሆነ ግን ቆራርሶ ለሰፈሩ ልጆች በየበራቸው ማዳረስ ነው።